«ኢትዮጵያዊው» በአውሮፓ መጻሕፍት

የሥነ ጽሑፍ ምሁራን የዘር አስተሳሰብን፣ ማለትም ሰውን በቆዳው ቀለምና በትውልዱ መድቦ ማዕረግ የመስጠትን ልማድ፣ ከ16ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፉ የአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ ሲመረምሩ የሚያገኙት «ኢትዮጵያዊ» ብዙውን ጊዜ ከኢትዮጵያ የመጣ፣ ለምሳሌ የደረስጌ ወይም የደምቢያ ሰው አይደለም። ቃሉ በግሪክኛ «ፊቱ የተቃጠለ» ማለት በመሆኑ ለማንኛውም ጥቁር ሰው ይውል ነበርና፣ ኤራስመስ በሰበሰባቸው ጥንታዊ ምሳሌያዊ አነጋገሮች ውስጥ ኢትዮጵያዊን ማጠብ የከንቱ ድካም መጠሪያ ሆኖ ይገኛል። ኪም ሆል በ1995 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በእንግሊዝ ግጥምና ተውኔት የጥቁረትና የንጣት አነጋገር የውበት ወግ ብቻ ሳይሆን ከባሕር ማዶ ንግድና ከቅኝ ግዛት ጋር አብሮ ያደገ ቋንቋ ነበር።

ኢትዮጵያዊው ራሱ የተናገረበት መጽሐፍ ግን አለ፤ ከሁሉም ይልቅ መነበብ የሚገባውም እርሱ ነው። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ሆነው በ1527 ሊዝበን የደረሱት ጸጋ ዘአብ ስለ አገራቸው ሃይማኖት የጻፉት መግለጫ፣ በፖርቱጋላዊው ሊቅ በዳሚያኦ ደ ጎይስ እጅ ወደ ላቲን ተመልሶ በ1540 ሉቨን ላይ ታተመ። ጸጋ ዘአብ ስለ ሰንበትና ስለ ግዝረት ምክንያቱን እያስረዱ ይከራከራሉ፤ ክርስቲያን ሆነው ሳለ ከቅዱስ ቁርባን መከልከላቸውንም በምሬት ይናገራሉ። መጽሐፉ በፖርቱጋል ታገደ።

ክርክሩ ስለ ሃይማኖት እንጂ ስለ ቀለም አልነበረም ብሎ ማለፍ ግን አይበቃም፤ በዚያን ጊዜ ፖርቱጋል ውስጥ «የደም ንጽሕና» የሚባለው ሐሳብ፣ የአይሁድ ወይም የሙስሊም ትውልድ ያለው ክርስቲያን ቢጠመቅም በደሙ ይጠረጠራል የሚለው፣ ሃይማኖትን ወደ ዘር እየለወጠው ነበርና። ኋላም ወደ ኢትዮጵያ የሄዱት ኢየሱሳውያን ካህናት፣ ሰሜን የሚባለውን ተራራማ አገር የአይሁድ ምሽግ አድርገው ለአውሮፓ ያስተዋወቁት ይህንኑ ዓይን ይዘው ነው።

ከእነዚሁ ካህናት አንዱ የሆነውን የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ በ1735 አሳተመ፤ በ1759 ደግሞ በአማራ ተራሮች መካከል የተዘጋበትን ልዑል ታሪክ «ራሴላስ» ብሎ ጻፈ። ዌንዲ ቤልቸር በ2012 ባሳተሙት መጽሐፍ የኢትዮጵያውያን ሐሳብ በሎቦ በኩል ወደ ደራሲው እንደ ገባ ይሞግታሉ፤ ጆንሰንም በትርጉሙ መቅድም፣ የሰው ልጅ ባለበት ሁሉ ክፋትና ደግነት ተቀላቅለው እንደሚገኙ ጽፏል።