ወይራን በግቢያችን

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ቲን (95) የማለበት ዘይቱንና የአገራችን ወይራ የአንድ ዝርያ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው። የእኛው ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ዘይት አይጨመቅበትም። ሆኖም እናቶቻችን የወተት ዕቃ የሚያጥኑት፣ እኛም ለሶላት ስንነሳ ጥርሳችንን የምንፍቀው በእርሱ ነው። ከሰበታ ብዙም በማይርቀው የመናገሻ ሱባ ደን ከጽድና ከዝግባ ጋር በቅሎ ይታያል።

ውድ አንባብያን! ወይራ አዝጋሚ ዛፍ ነው፤ ዛሬ የተቆረጠው ግንድ በአንድ ትውልድ አይተካም። ስለዚህ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ግቢ ያላችሁ ሁሉ ክረምት ሲገባ አንድ ችግኝ ትከሉ፤ እስኪጠና ከፍየል ጠብቁት። ለመፋቂያም ቀንበጡን እንጂ ግንዱን አትንኩ።

ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ የበላው ሁሉ ሶደቃ እንደሚሆንለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። የወይራን ፍሬ ደግሞ ወፎች ይወዱታል።