ኮርቻው ሲወርድ

መግቢያ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለውን ተረት ያልሰማ ሰው በዲፓርትመንታችን ውስጥ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ለሁለተኛው ግማሽ ሲባል ነው፤ ዞሮ ዞሮ ሥራውን የሚሠራው ሰውየው ራሱ ነው ለማለት። እኔ ግን ያደግሁት በአዊ ዞን፣ ከእንጅባራ ብዙም በማይርቅ ገጠር ስለሆነ የሚከብድብኝ የመጀመሪያው ግማሽ ነው። ያደርሳል ተባለ፤ መቼ ነው የሚያደርሰው? መቼስ ነው ሳያደርስ የሚቀረው?

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በእኛ አካባቢ ከፈረስ ጋር ያለውን የዕለት ተዕለት ኑሮ፣ ከመግራት ጀምሮ እስከ ጥር 23 ትዕይንት ድረስ፣ ለማያውቁት አንባቢያን ማስተዋወቅ ነው። በተጨማሪም የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ ከሆንኩ በኋላ የገባኝን አንድ ነገር ማካፈል እፈልጋለሁ። እሱም ፈረስ መታየት ያለበት ኮርቻ ተጭኖና አጊጦ ሳለ ብቻ ሳይሆን ኮርቻው ከወረደ በኋላም ነው የሚል ነው። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ስለሆነ ጥፋቴንም አልደብቅም።

ፈረስ በእኛ አገር

እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ፈረስ ከሰው ስም ጋር የተቆራኘ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ የነበረው በፈረሳቸው ስም ነው። በአዊ ግን ፈረስ የታሪክ ነገር ብቻ አይደለም። ዛሬም ሰው ገበያ የሚወጣው፣ ሙሽራ የሚመጣው፣ ለቅሶ የሚደረሰው በፈረስ ነው። እህል ይጭናል፤ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ቀንበር ተጭኖ ያርሳል። ደጋው ዝናባማና ጭቃማ ስለሆነ መኪና የማይገባበት መንደር ብዙ ነው።

የዚህ ሁሉ ማሳያ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። በዓሉን የሚያዘጋጀው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ሲሆን፣ የተመሠረተበት ዘመን 1932 ዓ.ም. ተብሎ ይቆጠራል። ቀኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ መታሰቢያ ነው። የዓድዋ ድልም የተገኘው በዚሁ በ23ኛው ቀን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በመሆኑ በበዓሉ ላይ በዓድዋ የዘመቱ ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸው አብረው ይታሰባሉ።

በዕለቱ ከየወረዳው የሚመጣው ፈረስ ሜዳውን ይሞላዋል። ግላሱ፣ ዘርፉ፣ ያሸበረቀው ልጓም፣ የፈረሰኛው ጋሻ፣ ምን ልበላችሁ! ሽምጥ ግልቢያ አለ፤ ጉግስ አለ። ጉግስ ማለት ሁለት ወገን ሆኖ፣ አንደኛው እየጋለበ ሲሸሽ ሌላኛው እያሳደደ ዘንግ የሚወረውርበት፣ የሚሸሸውም ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ የሚመክትበት ጨዋታ ነው። ያን ጊዜ ፈረሰኛው ሁለት እጁ ስለሚያዝ ፈረሱን የሚመራው በጉልበቱና በአካሉ ዘንበል ማለት ነው። በደንብ ያልተገራ ፈረስ እዚያ ሜዳ ላይ ጌታውን ጉድ ያደርገዋል።

ፈረስ እንዴት ይገራል?

መግራትን ያየሁት ከአያቴ ነው። አባባ ፈረስን በዱላ ሲገሩ አይቼ አላውቅም። ውርንጭላው ገና እናቱን ሳይለይ ለኮ ያስለምዱታል፤ ጆሮውን፣ አፉን፣ እግሩን ይዳብሱታል። ከፍ ሲል ባዶ ስልቻ ጀርባው ላይ ያደርጉበታል፤ ቀጥሎ ትንሽ ገለባ ይጨምሩበታል፤ ከዚያ ኮርቻ ብቻውን። ሰው የሚወጣበት ቀን ሲደርስ አዲስ የታረሰ ማሳ ውስጥ ያስገቡታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በለስላሳ አፈር ውስጥ እግሩ ስለሚሰምጥ እንደ ልቡ መዝለል አይችልም፤ ልጁ ቢወድቅም አይሰበርም።

ኮሌጅ ገብቼ ስለ እንስሳት ጠባይ ስማር አባባ የሚያደርጉት ነገር ማብራሪያ እንዳለው ተረዳሁ። ፈረስ በዱር ሳለ አዳኝን በመሸሽ የኖረ እንስሳ ነው። ዓይኖቹ በግራና በቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ያያል፤ ነገር ግን በቀጥታ ከኋላውና ከግንባሩ ፊት ለፊት ቅርብ ያለውን አያይም። ስለዚህ ወደ ፈረስ መቅረብ ያለብን በትከሻው በኩል፣ ድምፅ እያሰማን ነው። ከኋላ በድንገት የመጣበትን የሚራገጠው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ስላላየው ነው።

ሁለተኛው ነገር ልጓም ነው። ፈረስ በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋዎቹ መካከል ጥርስ የሌለበት ቦታ አለው። ልጓሙ የሚያርፈው እዚያ፣ ስስ ድድ ላይ ነው። የእኛ አገር ባህላዊ ልጓም ደግሞ የታች መንጋጋውን የሚያቅፍ ቀለበት ስላለው በትንሽ ጉተታ ብዙ ያሳምማል። ፈረስ የሚማረው ዛቡ ሲጎተት ሳይሆን ሲላላ ነው። ቆም በል ስንለው ከቆመ ወዲያውኑ ማላላት አለብን፤ ከዘገየን ምን እንዳደረገ አያውቀውም። አባባ ይህን «እጅህ ይመን» በሚል ሁለት ቃል ነው ያስተማሩኝ።

የእኔ ጥር 23

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት በነበረው ዓመት አባባ «ዘንድሮ አንተ ውጣ» አሉኝና ዳማውን ፈረሳቸውን ሰጡኝ። ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ችግሩ የእኛ ኮርቻ አሮጌ ነበር፤ ቆዳው የተላጠ፣ ዘርፍ የሌለው። እኔ ደግሞ ሜዳ ላይ መታየት ፈለግሁ። ስለዚህ ከአንድ ጎረቤት ያማረ፣ ቀይ ዘርፍ ያለው ኮርቻ ተዋስኩ። አባባ አይተው «ይኸ የዳማ ልክ አይደለም» ብለውኝ ነበር። እኔም «ለአንድ ቀን ነው እኮ አባባ» አልኳቸው። ዝም አሉ።

ቀኑ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ከጎህ ጀምሮ እስከ ማታ ኮርቻው ከዳማ ጀርባ አልወረደም። ጋለብኩ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ፎቶ ተነሳሁ። የክብር እንግዶች ንግግር ሲያደርጉ እንኳ ኮርቻው ላይ ተቀምጬ ነበር የማዳምጠው። ማታ ኮርቻውን ሳወርድ የዳማ ጀርባ በላብ ርሷል፤ ጋማው ከሚያልቅበት ጉብ ያለ አጥንት ግራና ቀኝ ግን መዳፍ የሚያክሉ ሁለት ደረቅ ቦታዎች ነበሩ። «እዚህ ጋ አላላበውም» ብዬ እንደ ጥሩ ነገር ቆጠርኩት።

በማግሥቱ እዚያው ቦታ ላይ አበጠ። በአራተኛው ቀን ቆዳው ተገሽልጦ ወደቀ። አንዱ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባው አለኝ፤ አባባ ግን «አትንካው» ብለው ውኃ አፍልተው፣ ጨው ጨምረው፣ ሲቀዘቅዝ በየቀኑ ያጥቡት ጀመር። እኔን አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጋቢት አያቴ ታመሙ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዳማ ተቀምጠው ወደ አስፋልቱ ይወርዱና መኪና ይሳፈራሉ። ዳማ ግን ቁስሉ ገና አልደረቀም፤ ኮርቻ አይጫንበትም። ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ ተሸከምናቸው። ሁለት ሰዓት ያህል፣ በጭቃ፣ እየተቀያየርን። ትከሻዬ ሲላጥ ስለ ዳማ ጀርባ አሰብኩ። አያቴ ዕድሜ ለጎረቤት በሰላም ደርሰው ታክመው ተመለሱ። አባባ ማታ እሳት ዳር አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «ፈረስ ያደርሳል ይባላል። ያደርሳል፤ ጀርባ ሲኖረው»።

ከኮርቻው ሥር ምን ሆነ?

ለካ ያ ደረቅ ቦታ ጥሩ ምልክት አልነበረም። የኮርቻ እንጨት በግራና በቀኝ ባሉት ሥጋማ ቦታዎች ላይ ማረፍ ሲኖርበት፣ መሐል አከርካሪውን ሳይነካ አየር የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ መተው አለበት። ኮርቻው ከጠበበ ወይም ከሰፋ ክብደቱ ሁሉ በትንሽ ቦታ ላይ ይከማቻል። እዚያ ያለው ቆዳ በእንጨትና በአጥንት መካከል ሲጨመቅ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይዘጋሉ፤ ላብ አመንጪዎቹም ሥራ ያቆማሉ። ለዚህ ነው ሌላው ሲርስ ያ ቦታ የደረቀው። ኮርቻው ሲወርድ ደም ይመለስና ያብጣል፤ የሞተው ቆዳ ግን የሚወድቀው ከቀናት በኋላ ነው። ስለዚህ የበዓሉ ጥፋት በበዓሉ ቀን አይታይም። ከዳነም በኋላ በቦታው ነጭ ጠጉር ይበቅላል፤ ለጠጉሩ ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ተጎድተዋልና። እንግዲህ ገበያ ላይ ዳማ ወይም ጉራች ፈረስ ጀርባው ላይ ነጭ ነጥብ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይኸው ነው።

የክብደቱም ነገር አለ። ፈረስን ያለ ሚዛን ለመገመት የደረቱን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ለክቶ በራሱ ማብዛት፣ ውጤቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ ጫፍ ባለው ርዝመት ማብዛት፣ ከዚያ ለ11,880 ማካፈል ነው። ክረምት ላይ ዳማን በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁት። የደረቱ ዙሪያ 140፣ ርዝመቱ 145 ሆነ፤ ሲሰላ 239 ኪሎ ግራም ገደማ። ብዙ ባለሙያዎች እንደ መነሻ የሚወስዱት ፈረስ የሚሸከመው፣ ሰውና ኮርቻ ተደምሮ፣ ከክብደቱ 20 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል የሚለውን ነው። ይህም ለዳማ 48 ኪሎ አካባቢ ነው። እኔ 62፣ ኮርቻውና ግላሱ 9፣ በድምሩ 71 ኪሎ፤ 30 በመቶ ማለት ነው። ይህ ልኬት እንደ ፈረሱ ጥንካሬ፣ እንደ መንገዱና እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ቀኑን ሙሉ አልወርድም ማለት ግን ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል።

ስሌቱን ለአባባ ሳሳያቸው ሳቁ። «እኔ ይኸን ሁሉ ዘመን በፈረስ ስሄድ እናንተ የት ነበራችሁ?» አሉኝ። ቀጥለው ግን «ዳገት ላይ እወርድ ነበር። ቁልቁለትም ላይ እወርዳለሁ። ከሰው ጋር ቆሜ ሳወራም እወርዳለሁ» አሉ። እኔ በስሌት የደረስኩበትን እሳቸው በልማድ ያውቁታል። የጠፋው እኛ ወጣቶቹ ጋ ነው።

ከዕለት ተዕለት አያያዝ

ስለ አመጋገብ በአጭሩ ልጥቀስ። የፈረስ ጨጓራ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ በዚያ ላይ ፈረስ ማስመለስ አይችልም። ተፈጥሮው ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት መጋጥ ነው። ስለዚህ «ለበዓሉ ጉልበት እንዲኖረው» ተብሎ በማለዳ ብዙ ገብስ በአንዴ ማጉረስ የሆድ ቁርጠት አምጥቶ ሊገድለው ይችላል። እህል ከተሰጠው ቀስ በቀስ፣ ከቀናት በፊት ተጀምሮ፣ ከሣር ጋር ይሁን። ለሜዳው ጫጫታም እንዲሁ ነው፤ ከበሮ፣ እልልታና ጃንጥላ ከበዓሉ በፊት በመንደር ሊለማመዳቸው ይገባል። ገና በልጅነቱም ባይጫን ይመረጣል። የፈረስ አከርካሪ አጥንት አድጎ የሚጠናቀቀው ከአምስት ዓመት በኋላ ስለሆነ ቀድሞ ቢገራም ከባድ ሰው ባይወጣበት ጥሩ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው የአገው ፈረሰኞች በዓል የምንኮራበት ነው። ይህን የምጽፈው እንዲቀር ሳይሆን እንዲቆይ ነው። በበዓሉ የሚደነቀው ጌጥ በአንድ ሌሊት ሊገጣጠም ይችላል፤ ጤነኛ ጀርባና የታመነ አፍ ግን የዓመት ሥራ ናቸው። ስለሆነም ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለፈረሰኞች ሽልማት ሲሰጥ ኮርቻው ወርዶ የፈረሱ ጀርባ ቢታይ፤ ቁስል በግላስ ተሸፍኖ የሚሸለምበት ዕድል አይኖርም። ሁለተኛ፣ እኛ የዲፓርትመንቱ ተማሪዎች ከእነዚያ አካባቢዎች የመጣን ብዙዎች ስለሆንን፣ ለዕረፍት ስንሄድ ሜትር ይዘን የመንደራችንን ፈረሶች ብንለካና ኮርቻቸውን ብናይ ከመማሪያ ክፍል ያላነሰ እንማራለን።

ዳማ ድኗል። ነጩ ጠጉር ግን አሁንም አለ። ባለፈው ጊዜ ለዕረፍት ስሄድ አሮጌውን ኮርቻ ልጭን ስል አባባ አስቆሙኝ፤ እጃቸውን ከኮርቻው ሥር አስገብተው ከፊት እስከ ኋላ ዳሰሱ፤ ከዚያ «አሁን አንተ ዳስስ» አሉኝ። ዳሰስኩ። ጣቴ የትም አልተያዘም። «በል ውጣ» አሉኝ።

ቸር እንሰንብት።