ከአንጎል መናወጥ በኋላ ወደ ሜዳና ወደ ስግደት መመለስ

የአዲስ አበባ–ቡታጅራ መንገድ በሚያቋርጣት ቡኢ፣ ከሞተር ሳይክል የወደቀ ወይም ኳስ ሲጫወት ራሱን የተመታ ወጣት «ደም አልፈሰሰውም» ተብሎ በማግስቱ ወደ ሜዳ ሊመለስ ይችላል። የአንጎል መናወጥ ግን ቁስል ላያሳይ ይችላል፤ ሳይሽር የሚደገም ምት፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ ይገድላል።

በ2022 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ የመከሩ የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች በጨለማ ክፍል ተኝቶ መሰንበትን አይደግፉም። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል ያለ ዕረፍት፣ ከዚያ የእግር ጉዞ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፤ ሕመሙ ከባሰ ለዚያ ቀን ማቆም። ግጥሚያ ሐኪም ሳይፈቅድ አይሞከርም።

ተደጋግሞ የሚጎነበስበት ስግደትም አድካሚ እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ የንስሐ አባቶች የተጎዳውን ልጅ የስግደት ቀኖና፣ እስኪሽረው ድረስ፣ በጸሎት ቢለውጡለት መልካም ይመስለናል። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንዘፈዘፈው ወይም ለመንቃት ከተቸገረ ግን ጠበሉ ይቆይ፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ይድረስ።