አሮጌው ሃይሉክስና የፊት ጎማው ሎክ

ቤይሩት ውስጥ ማንም ዞር ብሎ የማያየው፣ ከተማዋን ግን በየቀኑ የሚቀልባት መኪና አለ፤ አሮጌው ፒካፕ። በቡርጅ ሐሙድ ጠባብ መንገዶች ድንችና ቲማቲም ጭኖ በድምፅ ማጉያ እየተጣራ ይዞራል። ዶራ ባሉ ጋራዦች ደጃፍ ያገለገለ ሞተር፣ ፍሪጅ፣ የቤት ዕቃ ይጫንበታል። ኒሳኑም ሚትሱቢሺውም የየራሱ ወዳጅ አለው። እኔ ማስተዋወቅ የምፈልገው ግን ቶዮታ ሃይሉክስን ነው፤ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተሠራውን፣ የፊት እግሩም የሚጎትተውን። አገር ቤት ያደገ አንባቢ ይህን መኪና በሩቅ ይለየዋል። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ የግብርናው፣ የእርዳታ ድርጅቱ መኪና ነበርና።

ሊባኖስ ለእንዲህ ያለ መኪና የተመቸች አገር ናት። ከቤይሩት ዳርቻ ተነስቶ በፋራያ በኩል ወደ ዑዩን ኤል ሲማን የወጣ ሰው መንገዱ ካልተዘጋጋ በአንድ ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ከባሕር ጠረፍ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከዚያ በላይ 2,628 ሜትር የሚደርሰው የሳኒን ተራራ አለ፤ በሰሜን ደግሞ የአገሪቱ ጫፍ ቀርነት አስ ሳውዳ፣ 3,088 ሜትር። በአፍቃና በላቅሉቅ ዙሪያ የእረኛና የገበሬ ኮረኮንች መንገድ ሞልቷል። ስለዚህ ለተራራ አንድ፣ ለሥራ አንድ መኪና መያዝ አያስፈልግም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሥራ የሚያመላልሰው መኪና እሑድ ተራራ ይወጣል። ከ2019 የገንዘብ ቀውስ ወዲህ አዲስ መኪና ለብዙ ሰው የማይታሰብ ስለሆነ፣ ያለውን አድሶ ለሁለቱም ሥራ ማብቃት የብልህ ምርጫ ነው።

ሃይሉክስ በ1968 በጃፓን ተወለደ፤ የሚገጣጠመውም በሂኖ ፋብሪካ ነበር። አራቱም እግር የሚጎትተው ዓይነት በ1979 መጣ። ቶዮታ ለአሜሪካ ገበያ ከ1986 ሞዴል ጀምሮ የፊት ጎማዎቹን በየግላቸው የሚንቀሳቀሱ ሲያደርግ፣ ለሌሎች ብዙ አገሮች ግን ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ አንድ ወጥ የሆነውን የፊት አክሲል ከነባሌስትራው እስከ 1997 አቆየላቸው። ድንጋይ ላይ የሚነዳ ሰው ይህን አክሲል የሚፈልገው ጥቂት ነገር ብቻ ስላለው ነው። ጥቂት ነገር ያለው ጥቂት ነገር ይሰበርበታል። ማርሹ በእጅ መሆኑን፣ ሻንሲው ከጋቢናው የተለየ መሆኑን ሁሉም ያውቀዋልና ልለፈው።

ልቆይበት የምፈልገው የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ ያለችው፣ የእጅ መዳፍ የማትሞላ፣ በጣት የምትዞረው ክዳን ላይ ነው። ሎክ እንበላት። ሁለት ምልክት አላት፤ አንዱ ጎማውን ከአክሲሉ ጋር ይቆልፋል፣ ሌላው ይለቀዋል። አሮጌ ሃይሉክስ ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ስለ ሞተሩ ለሰዓታት ያወራሉ፤ ስለዚህች ክዳን ግን የሚያውቁት ግማሹን ነው፣ እሱም የተሳሳተውን ግማሽ።

ጋቢናው ውስጥ ትንሹን ዘንግ ወደ ፎር ዊል ሲያስገቡት ትራንስፈሩ ኃይሉን ወደ ፊት ይልካል፣ ዳሽቦርዱም ላይ መብራት ይበራል። ሎኮቹ ካልተቆለፉ ግን ያ ኃይል ጎማው ጋ አይደርስም። የፊት ካርዳኑ ይዞራል፣ ዲፈረንሻሉ ይዞራል፣ ጎማው ግን ምንም አያውቅም። መብራቱ የሚናገረው ስለ ትራንስፈሩ እንጂ ስለ ጎማው አይደለም። ባንዱ በኩል ብቻ መቆለፍም ያው ነው። የፊት ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን ለሁለቱም ወገን እኩል ስለሚያካፍል፣ ያልተቆለፈው ወገን በባዶ ሲሽከረከር የተቆለፈውም የሚያገኘው ባዶ ነው። ሁለቱም ይቆለፋሉ፤ አለዚያ አንዱም አልተቆለፈም።

ዶራ አካባቢ አንድ ጋራዥ የሚሠራ የአገሬ ልጅ አንድ ቀን ደውሎ «ጋሼ፣ የሰውዬው ፎር ዊል እንቢ ብሏል፤ ትራንስፈሩ ሞቷል ተብሎ ያገለገለ ሊገዛ ነው፤ እስቲ መጥተው ይዩልኝ» አለኝ። ሄድኩ። መኪናው ውድ የሆኑ ትልልቅ ጎማዎች ለብሷል፣ ከፍ ተደርጓል፣ ጣሪያው ላይ መብራት ተደርድሯል። የግራው ሎክ ዝጎ በ«ልቀቅ» ላይ ደርቆ ነበር። ፈትተን፣ በናፍጣ አጥበን፣ በስሱ ግራሶ ቀባንና መለስነው፤ ትራንስፈሩ ደህና ነበር። በመብራቱ ዋጋ ሎኩን አሥር ጊዜ ማደስ ይቻል ነበር፤ እንዲህ ያለ ባለቤት ያናድደኛል።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይብሳል። በክረምት ዝናብ ከቤይሩት ወደ ጁኒየህ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ፎር ዊል አስገብተው የሚነዱ አሉ፤ መኪናው መንገድ የሚይዝ ይመስላቸዋል። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ክብ ይዞራሉ፣ ማለትም ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳሉ። በዚህ መኪና ላይ ግን ከፊትና ከኋላ መካከል ልዩነቱን የሚያቻችል ዲፈረንሻል የለም፤ ትራንስፈሩ ሁለቱንም ካርዳን በእኩል ፍጥነት ያዞራል። ጭቃና በረዶ ላይ ጎማው በትንሹ ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይወጣል። አስፋልት ላይ ግን ጎማው ይነክሳል፤ ልዩነቱ በካርዳኑና በጥርሶቹ ላይ እንደ ጥምዝ ይጠራቀማል። መሪው ይከብዳል፣ መኪናው መታጠፊያ ላይ ይንፈራገጣል፣ ዘንጉ አልወጣም ይላል፤ ከቆየ ክሮቸራ ይሰበራል ወይም ጥርስ ይረግፋል። ዘንጉ እንቢ ካለ በመዶሻ መምታት አያስፈልግም፤ ቀጥ ብሎ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ጥምዙን ይፈታዋል።

እዚህ ላይ ነው ሰው ሎክንና ዘንግን የሚያምታታው። ሎኮቹን ቆልፎ ዘንጉን በሁለት እግር መተው አስፋልት ላይ ምንም ጉዳት የለውም። የፊት ካርዳኑ ከጎማው ጋር ዝም ብሎ ይዞራል፣ ነዳጅ በጥቂቱ ይጨምራል፣ በቃ። ስለዚህ በረዶ ወዳለበት የሚወጣ ሰው ሎኮቹን ከታች፣ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ይቆልፍ፤ በረዶው ሲመጣ ዘንጉን ብቻ ያስገባል። ወደ ደማስቆ በሚወስደው መንገድ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለው በዳህር ኤል ባይዳር፣ በረዶ ሲጥል ፖሊስ ሰንሰለት ወይም ፎር ዊል የሌለውን መኪና ይመልሳል። እዚያ ሰልፍ ላይ ወርዶ በበረዶ ውስጥ ከሎክ ጋር የሚታገል ሾፌር ሳይ፣ አንድ ሰው ቀደም ብሎ ቢነግረው እላለሁ።

የምወዳት ዘዴ ደግሞ ይህች ናት። ሎኮቹን ሳይቆልፉ ዘንጉን ወደ ዝቅተኛው ፎር ዊል ማርሽ ማስገባት። የሚጎትተው የኋላው ብቻ ነው፤ ማርሹ ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ በአብዛኞቹ 2.28 ለ1 ነው። የቤይሩት ሕንፃዎች ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ መውጫ ዳገቱ ገደል ነው፣ ኮንክሪቱ ደረቅ ነው፣ መታጠፊያውም ጠባብ ነው። በዚህች ዘዴ ፍሪሲዮን ሳይቃጠል መኪናው ቀስ ብሎ ይወጣል፤ የሚጠመዘዝም ነገር የለም። ጉልበቱ ሁሉ የኋላው አክሲል ላይ ስለሚያርፍ ነዳጁን በቀስታ መርገጥ ነው። ለቁልቁለትም ያው ማርሽ ፍሬን ያድናል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ዓባይ በረሃን የወረደ የአገር ቤት ሾፌር ይህን በማርሽ የመውረድ ጥበብ ማንም እንዲያስተምረው አይፈልግም።

ሎኳ ብዙ አትጠይቅም። ክዳኗን ስድስት ትንንሽ ብሎኖች ይይዟታል፤ ከውስጥ ያለውን አካል ደግሞ ስድስት ዳዶዎች ከነሾጣጣ ሮንዴላዎቻቸው። ሾጣጣዎቹ ዝገው ሲጣበቁ በስክሩድራይቨር አይፈለፈሉም፤ አካሉን በናስ መዶሻ ቀለል አድርጎ ሲመቱት ራሳቸው ይዘላሉ። ከእነሱ ጀርባ ያለው የኩሽኔታ ዳዶ 54 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይፈልጋል። ቁልፉ ርካሽ ነው። በስካርፔሎና በመዶሻ ተደብድቦ ጠርዙ የተበላ ዳዶ ባየሁ ቁጥር የዚያ መካኒክ እጅ ሌላ ምን ነክቶ ይሆን ብዬ እሠጋለሁ። ከመሪው መገጣጠሚያ ክብ ብረት በታች ቀጭን፣ ጥቁር፣ ሾርባ መሰል ፈሳሽ ከታየ፣ የውስጥ ኦይል ሲሉ አልቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት ግራሶውን እያጠበው ነው ማለት ነው። ያኔ ክቡ ብረት ውስጥ ያለው መጋጠሚያ ያለ ግራሶ ይሠራል፤ ተራራ ላይ የሚሰበረውም እሱ ነው። በጋውን ሙሉ ፎር ዊል የማይነካ ሰው ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ኮረኮንች ፈልጎ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይንዳበት፤ የፊት ዲፈረንሻሉ ዘይት የሚያገኘው ሲዞር ነው።

ስለ ቀረው አጠር ላድርግ። ጎማ፦ 31 ኢንች ያለ ብዙ ለውጥ ይገባል፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ የዲፈረንሻሉን ጥርስም መቀየር አለበት፣ አለዚያ ሞተሩ ዳገት ላይ ይሞታል። ያገለገለ ጎማ ሲገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ድንጋይና በረዶ ላይ ነፋሱን ቀነስ ማድረግ ከማንኛውም ጌጥ ይበልጣል፤ አስፋልት ሲመለሱ ግን መልሶ መሙላት ግዴታ ነው። ከፍታ፦ ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ማንሳት በጎን ዳገት መገልበጥን መጋበዝ ነው። ባሌስትራ፦ አትክልት ነጋዴ የጨመረውን ተደራቢ ቅጠል ያውጡ፤ ባዶ መኪና ያነጥራል።

22አር የሚባለው 2.4 ሊትር የቤንዚን ሞተር ጠንካራ ነው፤ የታይሚንግ ሰንሰለቱ ፕላስቲክ መሪዎች ግን ያረጃሉ፣ ሲሰበሩም ሰንሰለቱ ሽፋኑን ይበላል። ጠዋት ሲነሣ የሚንኳኳ ድምፅ ከፊቱ ከተሰማ አይዘግዩ። ካርቡራቶሩ ባሕር ዳር ተስተካክሎ ተራራ ሲወጣ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣልና የጉልበት መቀነሱ ብልሽት አይደለም። የባሕሩ ጨው ሻንሲውን ከውስጥ ስለሚበላ በመዶሻ እየመቱ ድምፁን መስማት ይጠቅማል።

ሊገዛ ለሚሄድ አንባቢ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ቀለሙንና መብራቱን ከማየትዎ በፊት ጎንበስ ብለው ሁለቱን ሎኮች በጣትዎ ያዙሩ። ከዞሩ ቆልፈው ጠጠር መሬት ላይ ይንዱት፤ የፊት ጎማዎቹ ጠጠር ሲወረውሩ ሌላ ሰው ከውጭ ይይልዎ። ካልዞሩ ወይም ሻጩ «ዘንጉ ይበቃል» ካለዎት፣ የሎክ፣ የኩሽኔታና የኦይል ሲል ዋጋ ይቀነስልዎ፤ አልቀንስም ካለ ሌላ ሃይሉክስ ይፈልጉ።