ለባሕር አከርካሪ አልባዎች የጋራ የዘረመል ጠቋሚ

የዘረመል ጠቋሚ ከአንድ እንስሳ ዲኤንኤ ውስጥ ተመርጦ የሚነበብ ቁራጭ ነው። ከሌሎች እንስሳት ተመሳሳይ ቁራጭ ጋር ሲነጻጸር ዝምድናቸውንና ልዩነታቸውን ያሳያል። ለላም ወይም ለበቆሎ ጠቋሚ ማዘጋጀት ዛሬ ብዙ አያስቸግርም፤ የሚጠናው አንድ ዝርያ ነው፣ ሙሉ ዘረመሉም አስቀድሞ ተነቧል። የባሕር አከርካሪ አልባዎች ነገር ግን ሌላ ነው። ስፖንጅ፣ ኮራል፣ ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ ሸርጣንና ኮከብ ዓሣ በአንድ የወል ስም ይጠሩ እንጂ የዘር ሐረጋቸው ከተለያየ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ከባሕር ወለል የወጣ አንድ ባልዲ ደለል የብዙ ፋይለሞችን (ትላልቅ የእንስሳት ምድቦችን) እንስሳት በአንድነት ሊይዝ ይችላል። ለእያንዳንዱ የራሱን ጠቋሚ ማዘጋጀት ጊዜም ገንዘብም ስለማይፈቅድ፣ ለሁሉም የሚሠራ ጠቋሚ መፈለግ ግድ ሆነ።

በመልክ መለየት ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት አለ። አብዛኞቹ የባሕር አከርካሪ አልባዎች ሕይወታቸውን የሚጀምሩት ከውኃው ጋር በሚንሳፈፍ እጭነት ነው፤ እጩ ደግሞ ወላጁን ፈጽሞ አይመስልም። በጎልማሳነታቸውም ቢሆን ዓይን የማይለያቸው ሞልተዋል። ካፒቴላ ካፒታታ የተባለው የደለል ትል የባሕር ብክለት ምልክት ተደርጎ ለረጅም ጊዜ ሲቆጠር ኖሯል። በ1976 ኢንዛይሞቹ ሲመረመሩ፣ አንድ ዝርያ ነው የተባለው ትል ቢያንስ ስድስት ሆኖ ተገኘ። የስድስቱ የመራቢያ ሁኔታም የተለያየ ነው።

የጠቋሚው ሥራ በፒሲአር ላይ የተመሠረተ ነው። ፒሲአር የተፈለገውን የዲኤንኤ ክፍል ሚሊዮን ጊዜ የሚያባዛ ዘዴ ሲሆን፣ የት ጀምሮ የት እንደሚያቆም የሚያመለክቱት ፕራይመር የሚባሉ ሁለት አጫጭር ሰው ሠራሽ የዲኤንኤ ቁራጮች ናቸው። የፕራይመሩ ፊደላት ከእንስሳው ዲኤንኤ ጋር በበቂ ሁኔታ ካልገጠሙ ምንም አይባዛም። እዚህ ላይ እርስ በርሱ የሚጋጭ ፍላጎት ይነሳል። ፕራይመሩ የሚያርፍበት ቦታ በስፖንጅም በሸርጣንም ሳይለወጥ የቆየ መሆን አለበት፤ በሁለቱ ፕራይመሮች መካከል ያለው ክፍል ደግሞ ቅርብ ዘመዳሞችን እንኳ ለመለየት የሚያስችል ለውጥ ያጠራቀመ መሆን አለበት። ሁለቱን የሚያሟላ የዲኤንኤ ክፍል ብዙ አይደለም።

ከሁሉ የታወቀው መፍትሔ የመጣው ከጥልቅ ባሕር ነው። በ1977 ጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ፣ ወደ 2500 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ከባሕር ወለል ፍል ውኃ የሚወጣባቸው ስንጥቆች ተገኙ። በዙሪያቸው አፍም አንጀትም የሌላቸውና 2 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ የቱቦ ትሎች፣ ትላልቅ ዛጎል ለበሶችና ሸርጣኖች ይኖራሉ። ከእነዚህ እንስሳት መካከል ብዙዎቹ ለሳይንስ አዲስ ስለነበሩ፣ ዘረመላቸውን አስቀድሞ አውቆ ፕራይመር መንደፍ አይቻልም ነበር። በአሜሪካ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ በሮበርት ቭራየንሁክ ዙሪያ የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች ያኔ የታወቁትን የተለያዩ እንስሳት ቅደም ተከተሎች ጎን ለጎን አስቀምጠው የማይለወጡትን ቦታዎች ፈለጉ። በ1994 ኦሌ ፎልመርና ባልደረቦቹ ኤልሲኦ1490 እና ኤችሲኦ2198 የተባሉትን ሁለት ፕራይመሮች ይፋ አደረጉ፤ በ11 ፋይለሞች ላይም እንደሚሠሩ አሳዩ። ቁጥሮቹ በአንዲት የፍሬ ዝንብ የሚቶኮንድሪያ (የሴል ኃይል አመንጪ ክፍል) ዲኤንኤ ላይ ፕራይመሮቹ የሚያርፉበትን ቦታ ያመለክታሉ። በመካከላቸው ያለው ሲኦአይ የተባለው ጂን ክፍል ሲባዛ፣ ፕራይመሮቹን ጨምሮ 710 ፊደል ይሆናል።

ምርጫው ትክክለኛ ነበር። ሚቶኮንድሪያ በአንድ ሴል ውስጥ በብዛት ስለሚገኝ ከጥቂት ሥጋ፣ አልፎ ተርፎም ከአንዲት እጭ በቂ ዲኤንኤ ይገኛል። የሲኦአይ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ደግሞ ለአተነፋፈስ የግድ የሚያስፈልግ ስለሆነ፣ አሚኖ አሲዶቹ እንዲሁ አይለዋወጡም። ዲኤንኤው ግን ይለዋወጣል። ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ሦስት ፊደል ይመደባል፤ ሦስተኛው ፊደል ቢለወጥም ብዙውን ጊዜ አሚኖ አሲዱ አይለወጥም። ለምሳሌ ሂስቲዲን የሚባለው አሚኖ አሲድ «ሲኤቲ» ተብሎም «ሲኤሲ» ተብሎም ይጻፋል። ለዝርያ መለያ የሚሆነው ልዩነት በአብዛኛው የሚከማቸው በእነዚህ ሦስተኛ ፊደላት ላይ ነው።

የፕራይመሩም ችግር የሚመጣው ከዚሁ ነው። ኤልሲኦ1490 ሃያ አምስት ፊደል ሲኖረው የሚያበቃው በሁለት «ጂ» ነው። እነዚህ ሁለቱ ግላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው፤ ተለዋዋጩ ሦስተኛ ፊደል ከፕራይመሩ ውጭ ቀርቷል። በፒሲአር ዲኤንኤውን የሚገለብጠው ኢንዛይም ማባዛት የሚጀምረው ከዚህ ጫፍ ስለሆነ፣ ጫፉ ላይ ያለ አንዲት ፊደል አለመግጠም ሥራውን ሁሉ ልታሰናክል ትችላለች። መሐል ላይ ያሉት ሦስተኛ ፊደላት ግን ሊዘለሉ አይችሉም። የ1994ቱ ፕራይመሮች በየቦታው አንድ ፊደል ብቻ መርጠው ስለነበር፣ በሌላ ፊደል የሚጽፉ እንስሳት ላይ አልሠሩም ወይም ደካማ ውጤት ሰጡ። ፕራይመሩ ከዲኤንኤው ጋር የሚጣበቅበትን ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ ማድረግ ያልገጠመውን እንዲይዝ ይረዳል፤ ነገር ግን ያልተፈለገ ዲኤንኤም፣ የባክቴሪያ ሳይቀር፣ አብሮ እንዲባዛ በር ይከፍታል።

የተሻለው መንገድ ፕራይመሩን ድብልቅ አድርጎ መሥራት ነው። ተለዋዋጭ በሆነው ቦታ ላይ ሁለቱም ፊደላት እኩል ይገባሉ፤ እንዲህ ያሉ አራት ቦታዎች ቢኖሩ በአንድ ቱቦ ውስጥ 16 ዓይነት ፕራይመር ይኖራል ማለት ነው። ዓይነቱ በበዛ ቁጥር ግን የትክክለኛው መጠን ይቀንሳል። አራቱም ፊደላት በሚፈራረቁበት ቦታ ከአንድ ፊደል ጋር ብቻ የማይወሰን ኢኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይተካል። በ2013 ጆናታን ጌለርና ባልደረቦቹ የፎልመርን ፕራይመሮች በዚህ ዘዴ ለባሕር አከርካሪ አልባዎች አሻሽለው ነደፉ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን በጂኑ መሐል የሚያርፍ ፕራይመር አዘጋጅቶ 313 ፊደል ብቻ የሆነ አጭር ቁራጭ ማባዛት ቻለ። አጭሩ ቁራጭ የተፈጨና የተሰባበረ ዲኤንኤን ስለማይፈራ፣ የኮራል ሪፍ ዓሣ ሆድ ዕቃ ውስጥ የተገኘን ምግብ ለመለየት አገልግሏል። የቀይ ባሕር ሪፎችን ድብቅ ነዋሪዎች ለማጥናትም ይኸው ጂን ሥራ ላይ ውሏል።

ያም ሆኖ ሲኦአይን ለሁሉም ይበቃል ብሎ መውሰድ ትልቅ ስሕተት ነው። በኮራሎችና በብዙ ስፖንጆች ሚቶኮንድሪያ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ፣ ሁለት የተለያዩ የኮራል ዝርያዎች አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ሊኖራቸው ይችላል። ሙሴል የሚባሉት ባለ ሁለት ክፋይ ዛጎል እንስሳት ደግሞ የተለየ ባሕርይ አላቸው፤ ወንዱ ከእናቱ በተጨማሪ የአባቱንም ሚቶኮንድሪያ ይወርሳል፣ በዋናነትም በመራቢያ አካሉ ውስጥ ይይዘዋል። ሁለቱ ሚቶኮንድሪያዎች በጣም የተራራቁ ስለሆኑ፣ ይህን የማያውቅ መርማሪ አንዱን ሙሴል ሁለት ዝርያ ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። ጣቶቻቸውን በሚያጮሁ ሽሪምፖች ላይ ሌላ ወጥመድ ታይቷል፦ የሚቶኮንድሪያ ጂን ቅጂ ወደ ሴሉ ኒውክለስ ተሻግሮ ሥራ ሳይሠራ ይቀመጣል፣ ፕራይመሩም ያንን ያባዛል። ፕሮቲኑን መሐል ላይ የሚያቋርጥ ምልክት ከተገኘ ቅጂው የሞተ መሆኑ ይታወቃል፤ ስለዚህ ፊደላቱን ወደ አሚኖ አሲድ ተርጉሞ ማየት የማይታለፍ ሥራ ነው።

በእነዚህ ምክንያቶች ከኒውክለስ የሚወሰዱ ጠቋሚዎች ይታከላሉ። አንደኛው ዘዴ ፕራይመሮቹን በማይለወጡት የጂን ክፍሎች ላይ አሳርፎ፣ በመካከላቸው ያለውንና ፕሮቲን የማይሠራውን ተለዋዋጭ ክፍል ማንበብ ነው። ሌላው በሺህ የሚቆጠሩ የማይለወጡ ቦታዎችን በተዘጋጁ የዲኤንኤ ወይም የአርኤንኤ ማጥመጃዎች በአንድ ጊዜ ለይቶ ማውጣት ነው። ይህ ከፒሲአር ፕራይመር ይልቅ ያልገጠሙ ፊደላትን የመቻል አቅም አለው፤ ሲኦአይ ባልረዳቸው ኮራሎች ላይም ጥሩ ውጤት አስገኝቷል። ወጪው ግን ከፍ ያለ ነው።

የትኛውም ጠቋሚ ቢመረጥ፣ የተነበበው ቅደም ተከተል ስሙ በባለሙያ ከተረጋገጠ ናሙና ጋር መያያዝ አለበት። ናሙናው በሙዚየም የሚቀመጠው ዲኤንኤን በሚጎዳው ፎርማሊን ሳይሆን በጠንካራ ኤታኖል ተነክሮ ነው። የቀንድ አውጣና የሌሎች ልሐጫም እንስሳት ናሙና ከሆነ ደግሞ፣ ልሐጩ የፒሲአሩን ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ ዲኤንኤው ሲወጣ ልሐጩን የሚያስወግድ ተጨማሪ ማጣሪያ ይደረግለታል።