ከኋላ የሚታይ፣ ከፊት የማይታይ፦ የፍሬን መብራትና ትንሿ ማብሪያው

የፊት መብራት ሲጠፋ ሹፌሩ ወዲያው ያውቃል፤ መንገዱ ይጨልምበታል። የፍሬን መብራት ሲጠፋ ግን የመጨረሻው አዋቂ እሱ ራሱ ነው። ቀድሞ የሚያየው ከኋላ የሚከተለው መኪና፣ አለዚያም ፖሊስ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ ሲነዱ ለሚያድሩ ወገኖች ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2009 በሰሜን ካሮላይና አንድ ፖሊስ የአንዲት መኪና አንደኛው የፍሬን መብራት አልበራም ብሎ አስቆማት። ሲፈተሽም አደንዛዥ ዕፅ ተገኘ። የክፍለ ግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሕጉ የሚጠይቀው አንድ መብራት ብቻ ነው ቢልም፣ ጉዳዩ የደረሰው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 በ8 ለ1 ድምፅ የፖሊሱ ስሕተት ምክንያታዊ ስለሆነ ማስቆሙ ሕጋዊ ነው ሲል ፈረደ። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከአንድ መብራት ነው።

ለመሆኑ ይህ መብራት በምን ይታዘዛል? ከመሪው ሥር፣ ከፍሬን ፔዳሉ ክንድ አጠገብ አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች። ሥራዋን ለመረዳት ፍሪጅ ከፍቶ ማየት ይበቃል። የፍሪጁ በር ሲዘጋ ቁልፏን ተጭኖ መብራቱን ያጠፋል፤ ሲከፈት ይለቃታል፣ መብራቱም ይበራል። ፔዳሉም እንደ በሩ ነው። ሳይረገጥ ሲቀር የማብሪያዋን ዘንግ ወደ ውስጥ ይጫናል። ሲረገጥ ይርቃታል፤ ዘንጓ በሞላ ተገፍታ ትወጣለች፣ ውስጥ ያሉት ብረቶች ይገናኛሉ፣ ከባትሪ በፊውዝ በኩል የመጣው ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ ይሄዳል። በድሮዎቹ ቮልሶች ግን ማብሪያዋን የሚያገናኛት የፍሬን ዘይት ግፊት ነበር።

ብልሽቱን ለመለየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። አንድ መብራት ብቻ ካልበራ አምፖሉን መጠርጠር ነው። ከ1986 ሞዴል ወዲህ በአሜሪካ ለቤት መኪኖች ግዴታ የሆነውን የመሐሉን ጨምሮ ሦስቱም ከጠፉ ግን አስቀድሞ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ማብሪያዋን ማየት ይገባል። አውቶማቲክ ማርሽ ከፓርኪንግ አልወጣም ካለም ጥፋቱ የእሷ ሊሆን ይችላል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ መብራቱ አልጠፋ ይላል። በአንዳንድ መኪኖች ፔዳሉ ላይ ዘንጓን የምትጫን ትንሽ ፕላስቲክ አለች። በዕድሜ ስትፈረካከስ ዘንጓ በቀዳዳው ታልፋለች፣ መብራቱ ሌሊቱን ሲበራ ያድራል፣ ጠዋት ባትሪው ሞቶ ይገኛል። ባለቤቱም ያለ ጥፋቱ ባትሪውን ይለውጣል። ምንጣፉ ላይ የወደቀች ስባሪ ፕላስቲክ ምስክር ናት። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ሁልጊዜ የሚበራ መብራት ከኋላ ላለው ሹፌር መኪናው መቼ እንደሚቆም አይነግረውም።

ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። ማታ መኪናውን በጀርባው ወደ ግድግዳ ማስጠጋት፣ ፍሬን መያዝ፣ በመስታወት ቀዩን ብርሃን ማየት፤ ከዚያም እግርን አንሥቶ መጥፋቱን ማረጋገጥ ነው። ሌሊት ቤተሰቡን ወይም መንገደኛ ይዞ ወደሚጋልብበት አውራ ጎዳና ከመውጣቱ በፊት ይህን ያደረገ ሰው፣ አባቶች እንዳሉት ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።