ስለ አሮጌ የቤት ሽቦና ስለ አዲሱ የኤሌክትሪክ ደንብ

በእንጦጦ ግርጌ ባለው በሽሮ ሜዳ ሰፈር ግድግዳቸው በማገርና በጭቃ የተሠራ፣ ሸማኔም ከመኖሪያው ሳይወጣ መወርወሪያውን የሚወረውርባቸው ቤቶች አሉ። እንዲህ ባለው ቤት የኤሌክትሪክ መብራት መዠመሪያ በገባ ጊዜ የሚፈለገው አንድ ወይም ሁለት አምፑል ማብራት ብቻ ነበረ። ስለዚህ ሠራተኛው ሁለት ቀጫጭን ሽቦ በእንጨቱ ላይ እየቸነከረ ዘረጋ፤ ሥራውም በጊዜው የሚነቀፍ አልነበረም። ዛሬ ግን በዚያው ሽቦ እንጀራ ይጋገርበታል። የነገሩ ክብደት ከዚህ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ሥራ ልዩ ልዩ ሕግ ወጥቷል። ከእነርሱም ውስጥ አዋጅ ቁጥር 86/1989፣ ደንብ ቁጥር 49/1991፣ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ይገኛሉ። በሕንጻ ውስጥ ስለሚዘረጋው ሽቦም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 የወጣ የሕንጻ ኮድ አለ። ይህን የሰማ አንዳንድ ባለቤት «እንግዲህ የቤቴ ሽቦ ሁሉ ተነቅሎ ሊጣል ነውን?» እያለ ይጨነቃል፤ ሌላው ደግሞ «ሠላሳ ዓመት ያልጐዳኝ ዛሬም አይጐዳኝም» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። በእንግሊዝ አገር ያለው የኤሌክትሪክ ሥራ ደንብ፣ በቀድሞው ደንብ የተሠራ ሥራ አዲሱን በሁሉ ነገር ባይተካከልም እንኳ ስለዚህ ብቻ አደገኛ ነው እንደማይባል በግልጽ ይናገራል። ይህም ፍርድ በጭቃ ቤትም ቢሆን የሚያስኬድ ነው። ነገር ግን በአሮጌው መስመር ላይ አዲስ ዕቃ የጨመረ ሰው አሮጌው ሥራ ያልታሰበለትን ሸክም ጭኖበታልና በአሮጌነቱ ሊመካ አይችልም።

ሸክሙን ለማወቅ ጥቂት ሒሳብ ይበቃል፤ መምህሩም ለተማሪዎቹ በሰሌዳ ሊያሳያቸው ይችላል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ይወስዳል። በቤት ያለው ቮልት 220 ስለ ሆነ፣ 3500 ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ይመጣል። ባለ 60 ዋት አምፑል ግን ሲሦ አምፔር እንኳ አይሞላም። እንግዲህ አንዱ ምጣድ 58 አምፑል በአንድነት እንደ ማብራት ነው። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለመብራት የተዘረጋው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይህን ሸክም ለሰዓታት ሲሸከም ልባሱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ይልቁንም በጠመዝማዛ መጋጠሚያው ላይ ይግላል። መዳብና አሉሚኒየም በአንድነት ከተጠመዘዙ ደግሞ መጋጠሚያው ቶሎ ይበላል። የጥጥ ብናኝ በሚበንበት በሸማኔ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፊውዝ የተሠራው ሽቦው ከመቃጠሉ በፊት እርሱ ቀድሞ እንዲቀልጥ ነው። በተቃጠለው ፊውዝ ፈንታ ሚስማር ወይም ወፍራም ሽቦ የሚያገባ ሰው መብራቱን መለሰ እንጂ ዘበኛውን አባረረ።

ሁለተኛው ጕድለት የምድር ሽቦ አለመኖሩ ነው። አሮጌው ሥራ ኃይል አምጪና ኃይል መላሽ ሁለት ሽቦ ብቻ አለው፤ የምጣዱ ቆርቆሮ ኃይል ቢነካው የነካው ሰው ራሱ የምድር ሽቦ ይሆናል። ይህን ለማዳን ብለው አንዳንድ ሠራተኞች በሶኬቱ ውስጥ የምድሩን ቦታ ከመላሹ ሽቦ ጋር ያገናኛሉ። ይህ ክፉ ሥራ ነው፤ መላሹ ሽቦ በመንገድ ላይ ቢበጠስ የዕቃው አካል ሁሉ ኃይል ይይዛልና። በውሃ ቧንቧ ማሰርም አይታመንም፤ ቧንቧው በፕላስቲክ ተለውጦ እንደ ሆነ ወደ ምድር አያደርስም። በቀለምም አይታመንም። በአሮጌ ሥራ ጥቁሩ መላሽ ሲሆን፣ በሌላው ጥቁሩ ኃይል አምጪ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ማንም ሰው ከመንካቱ በፊት ዋናውን ማጥፊያ አጥፍቶ፣ ከዚያም በቴስተር ይመርምር።

በብዙ ቤተ ሰብ መካከል አንድ ቆጣሪ ያለበት ግቢ ነገሩ ይብሳል። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የተሳበው ሽቦ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ፊውዙ ሲቃጠልም ጠብ ይነሣል። ቅዳሜ ጧት ሁሉም ምጣዱን በሚጥድበት ሰዓት የግቢው ሽማግሌ ተራ ማውጣቱ ሽቦውን እስኪለውጡ ድረስ ከእሳት ያድናል፤ መፍትሔ ግን አይደለም።

ገንዘብ የሌለው ሰው ሥራውን በየተራ ሊያሠራው ይችላል። መዠመሪያ ለምጣዱ ከቆጣሪው አጠገብ የሚነሣ፣ 4 ካሬ ሚሊሜትር ወይም ከዚያ የሚወፍር የምድር ሽቦ ያለው የብቻ መስመር ይዘርጋለት፤ ብሬከሩም ለሽቦው የሚመጥን ይሁን። ቀጥሎም የሚወጣውን ኃይል ከሚመለሰው ጋር እያስተያየ 30 ሚሊአምፔር ሲጐድል የሚቈርጠው ብሬከር ይግባ፤ ይህ የምድር ሽቦ በሌለበት አሮጌ መስመር እንኳ ሰውን ያድናል። የአምፑሉ ሽቦ ልባሱ ደኅና ከሆነና አይጥ ካልበላው እስከሚቀጥለው ዓመት ሊቈይ ይችላል። ሥራው የብቃት ምስክር ወረቀት ላለው ሠራተኛ ይሰጥ፤ ከቆጣሪው ወደ ውጭ ያለው ግን የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ነውና የግል ሠራተኛ አይንካው።